ለኮአንግ ሠርግ የላመው በቆሎ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለማሚቱ፤ ወረኢሉ።

እታለም፥ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? የአባባስ ሳል? ልጆቹስ? እኔ፥ ባሌ እንየውና ልጃችን ሀሌሉያ በአካል ደኅና ነን። ሐሳቡ ግን እህል እንኳ አላስቀምስ ብሎኛል።

ነገሩ የጎረቤቴ የኛዱዎት ነው። ጋምቤላ ክልል ሆኖ የምሠራበት ወፍጮ ቤት ለአገሬው ሴቶች ማኅበር ሲሰጥ፥ «መሰረትን አትንኩብኝ፥ በእሷ እኔ አለሁ» ብላ ከሥራዬ ያላስነቀለችኝ እሷ ናት። ዛሬ ማታ ልጇ መምህር ኮአንግ ያገባል። የድግሱን በቆሎ፥ አምስት ጆንያ፥ እንድፈጭላት ትናንት ሰጠችኝ።

ለወፍጮው አዲስ ወንፊት መጥቶለታል፤ ጠርዙ ላይ በእንግሊዝኛ «ሱፐርፋይን» ይላል። ቀደም ብዬ ኮአንግን ብጠይቀው መዝገበ ቃላት ገልጦ ነገረኝ፦ አንድም እጅግ የላመ፥ አንድም ከምርጥ የተመረጠ፥ አንድም ማጣራት በዝቶበት ለዛው የጠፋ። እኔ ሞኟ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ይዤ ደስ አለኝ። ለባለውለታዬ ከዚህ ወዲያ ምን ላድርግላት ብዬ አምስቱንም ጆንያ በዚያው ወንፊት አሳለፍኩት። እኛ ዘንድ ቢሆን ስመረቅ በዋልኩ!

ኛዱዎት እፍኝ ዘግና በጣቷ አሸችውና መልሳ ጆንያው ውስጥ አፈሰሰችው። ለካ ለሠርጋቸው የሚያበስሉት ኮፕ የተባለ ምግብ ሻካራ ዱቄት ነው የሚፈልገው፤ ውሃ እየረጩ ያድበለብሉትና በእንፋሎት ያበስሉታል። የላመው ሊጥ ይሆንባቸዋል። አሥራ አንድ ዓመት ከድስታቸው ስበላ ኖሬ ይህን አለማወቄ! ሌላ በቆሎ የለም፤ የሙሽራዋ ወገኖች ደግሞ ከኢታንግ ተነሥተዋል። ብትሰድበኝ በቀለለኝ፤ ጆንያዎቹን አሸክማ ሄደች።

ፈራሁ፥ እታለም። ከወፍጮ ቤቱ ቢያስወጡኝ ሌላ ሥራ አላጣም። «ደገኛ አምነሽ ይኸው አዋረደችሽ» ብለው እሷን ቢያሳፍሯትስ? እሷ ፊቷን ካዞረችብኝ እዚህ አገር ማን አለኝ?

ይህን እየጻፍኩ እህቷ ኛሩአች መጣች። ኛዱዎት ልካት ነው፦ «ዱቄቱን እንዲህ ያላመችው እሷ ናት፤ አሠራሩንም እሷ ታውቃለች። መጥታ ታብስል። እንግዶቼን የእህቴ አገር ምግብ ነው እላቸዋለሁ።» ገንፎ መሆኑ ነው እንግዲህ! ለሁለት መቶ ሰው! የእኔ ገንፎ ለሦስት ሰው እንኳ እንደሚጓጉል አንቺ ታውቂያለሽ። እየቸኮልኩ ነው የምጽፈው፤ ፊደሌ መወላገዱን እይው። ኛሩአችን ግን «እህቴ» ያለችው እውነት እንደሆነ ሦስቴ አስደገምኳት።

አባባን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ባለቤትሽን ፍቃዱን፥ ልጆቹንም አንድ በአንድ ሰላም በይልኝ። እንየውና ሀሌሉያ እጅ ይነሳሉ። ጸልዪልኝ፥ እታለም፤ ትልቁ ድስት ተጥዷል፥ እየጠሩኝ ነው።

እህትሽ መሰረት
ጋምቤላ፥ ጥር ፲፰ ቀን ፲፱፻፹፰ ዓ.ም.