ለአንዲት ምት ባሕር ተሻግሬ

ወንድምዓለም፣ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ተመስገን፣ ተገላገልኩ!

ሥራዬን ታውቀዋለህ፤ ኦርኬስትራው ሲጫወት መቶ አርባ የሙዚቃ ባር ዝም ብዬ ቆጥሬ ሲምባሉን፣ ያን የነሐስ ሳህን፣ አንዴ መምታት ነው። ትናንት መድረክ ላይ ስልሳ ስደርስ ቁጥሩ ከጭንቅላቴ ብን ብሎ ጠፋ። አገር ቤት ቢሆን አንተ ትሮምቦንህን እንደያዝክ፣ ሰዓቱ ሲደርስ በጉልበትህ ጎሸም ታደርገኝ ነበር። እዚህ ከጎኔ ያሉት ትልልቆቹን ከበሮዎች የሚመቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ዞር ብለውም አያዩኝ። ላብ አጠመቀኝ። ጭራሽ እግሬ ደነዘዘና ላፍታታው ብዬ ተነሳሁ። እሳቸው ወዲያው መምቻቸውን አነሱ፤ እኔም እሳቸውን አይቼ ሲምባሌን አነሳሁ። ይኼኔ መሪው በዓይኑ ጠቀሰን። መታነው፣ ልክ በሰዓቱ!

ስንወርድ ሽማግሌው ትከሻዬን ይዘው፣ «ባትነሳ ኖሮ ጉዴ ፈልቶ ነበር፤ ቆጠራው ጠፍቶብኝ አንተን ነበር የምጠብቀው» አሉኝ። ስለ እግሬ ትንፍሽ አላልኩም።

«ለአንዲት ምት ባሕር ትሻገራለህ?» ላለችው እማዬ፣ በሰዓቱ መታት በልልኝ። ባለቤትህንና ትንሿን ሳምልኝ። ፖስትካርዱ ሞላ፤ ያ ጉልበትህ ግን እንዴት እንደናፈቀኝ!