የተቆረጠው አድራሻ

ግንቦት 4
ከሰዓት ዝናብ። መብራት ሁለቴ ጠፋ። አለቃዬ አቶ አበባው የፕሮጀክቱን እንግዶች ይዘው መጡና "ፕሮግራሙን የሠራችው እሷ ናት" አሉ። ተኮፈስኩ። የከብት በሽታ ሪፖርት ከየወረዳው በስልክ ይምጣ፣ በገመድ ይምጣ፣ በሬዲዮ ይምጣ፣ ለፕሮግራሜ አንድ ነው አልኳቸው። "የላኪውን አድራሻ አይከፍተውም። እንደታሸገ ደብዳቤ ተቀብሎ ያሳልፋል።" አጨበጨቡ... ምን ገብቷቸው ነው?

ግንቦት 11
አምበር ላለው ቢሮ አዲስ የኔትወርክ መስመር ገባለት። አዲሱን አድራሻ ዝርዝሩ ላይ መዘገብኩ። የአምበሩ የእንስሳት ሐኪም ውበቱ ደወለ። "አሁንማ ወዲያው 'ተልኳል' ይለኛል፣ ጥሩዬ!"

ግንቦት 23
አምበር ላይ አባ ሰንጋ ገብቷል። ዘጠኝ በሬ ሞተ። እርሻ ሊጀመር ሲል! አቶ አበባው ጠረጴዛ ደበደቡ። "ክትባቱ ለምን በጊዜ አልሄደም? ሪፖርቱ የታለ?" ከፍቼ አየሁ። ከአምበር ከግንቦት 11 ወዲህ ምንም የለም። ውበቱ በስልክ "ሦስት ጊዜ ልኬያለሁ፤ ማርያምን!" አለ። ማን ሰምቶት። ሰነፍ አሉት። እኔም በልቤ ሰነፍ ብዬዋለሁ... ልካድ?

ግንቦት 24
አገኘሁት። ምነው ባላገኘሁት።
ለአድራሻ የተውኩት ቦታ አሥራ ስድስት ባይት ነው። ለድሮዎቹ መስመሮች ይበቃ ነበር። የአምበር አዲሱ ሃያ ስምንት ነው። ጭራው ተቆረጠ። የተቆረጠው ደግሞ ከዝርዝሩ ጋር አልገጠመም፤ ፕሮግራሙ "ያልታወቀ ላኪ" ብሎ ጣለው። ሦስቱንም። አይከፍተውም ብዬ የፎከርኩት እኮ እኔው ነኝ!
የአድራሻው ርዝመት አብሮት ይመጣል። እሱን አይቶ ያን ያህል ቦታ መስጠት ብቻ ነበር። የሁለት መስመር ሥራ።
ወዲያው አስተካክዬ ጫንኩት። የድሮውን ቅጂ ደመሰስኩ። ሌላ ሪፖርት እንዳይጠፋ ብዬ ነው... ታዲያ መደምሰሱ ለምን አስፈለገ?

ግንቦት 27
የውበቱ ግምገማ ነበር። "ፕሮግራሙ ይሠራል ወይ?" አሉኝ አቶ አበባው። "ይሠራል" አልኩ። ውሸት አይደለም፤ ዛሬ ይሠራል።
ውበቱ ታገደ።

ሰኔ 2
አልቻልኩም። አቶ አበባው ጋ ገብቼ ጥፋቱ የኔ ነው አልኳቸው። ሳቁ። "እስቲ አሳዪኝ።" ከአምበር የሙከራ ሪፖርት አስላኩ፤ ወዲያው ገባ። "ይኸው! አንቺ ልጅ፣ ለጓደኛ ብለሽ ራስሽን አታስበዪ።" ምን ላሳያቸው? ማስረጃውን በገዛ እጄ ነው ያጠፋሁት።

ሰኔ 9
የውበቱ የስንብት ደብዳቤ ወጣ።

ሰኔ 10
አምበር ሄጄ ለውበቱ ነገርኩት። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። አልሰደበኝም። "እኔ እኮ መላኬን ራሴም መጠራጠር ጀምሬ ነበር" አለ። ቀጥሎ፦ "ለኔ መንገርሽ ምን ይሠራል? ባለበሬዎቹ ናቸው ዓይንህን ላፈር ያሉኝ። ለእነሱ ንገሪ።"

ሰኔ 14
ከቅዳሴ በኋላ፣ ባለበሬዎቹ ዋርካው ሥር ተሰብስበው ሳለ ተናገርኩ። አድራሻ፣ ባይት... ተውኩት። "እሱ ልኳል። የጣለው የኔ ሥራ ነው" አልኩ።
ሁለት በሬ የሞተባቸው ሽማግሌው ወልደ ሚካኤል ተነሡ። እኔን አልፈው ሄደው ውበቱን ጨበጡት። "ይቅር በለን፣ ልጄ።" ከዚያ ወደኔ ዞሩ።
"አንቺስ ይህን ያወቅሽ ዕለት የት ነበርሽ?"
"ቢሮ ነበርኩ" አልኳቸው።