ዝውውር ብለምን መኪና ላቀረቡልኝ ጓድ ኃላፊ

አምቦ፣ ኅዳር ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን የበላይ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ፣ እንቅልፍዎና ከቤተሰብዎ ጋር በአንድ ማዕድ መቅረብዎ እንዲጸና እመኛለሁ። እኔ የአምቦው መዝገብ ቤት ሠራተኛዎ ኩምሳ፣ ብቻዬን ከመብላቴ በቀር ደህና ነኝ። ለእርስዎ ብቻ የጻፍሁት ሁሉ መሳቢያዎ ውስጥ ስለሚያርፍ፣ ይህኛውን በሠራተኞች ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌን በትሕትና አስታውቃለሁ።

፩ኛ/ ባለቤቴ ሲንቄ በእጃጂ ቅርንጫፋችን ታይፒስት መሆኗን ያውቃሉ። ከተጋባን ጀምሮ በአንድ ከተማ እንዲያሰባስቡን ስንለምን፣ «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው» ይሉናል። ሳይሰለቹ ላዩልን ዓይኖችዎ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። እኔ ግን ከሥራ ስወጣ የሚጠብቀኝ ስለሌለ መንገዱን አስረዝመዋለሁ፤ ቤቴ ስገባም ሬዲዮ የምከፍተው ሰው ሲያወራ ለመስማት ያህል ነው።

፪ኛ/ በዚህ መሐል ያረጀችው የመስክ መኪና ለሠራተኞች በርካሽ እንደምትሸጥ፣ ሞተሯም «መጠነኛ እክል» እንዳለበት በማስታወቂያ ገለጹልን። ሚስቱን ለነፈጉት ሰው መኪና የሚያቀርብ ኃላፊ ከየት ይገኛል! ልግዛ አልግዛ እያልሁ ሰነበትሁ። ጎረቤቴ መካኒኩ ፈዲሉ ኮፈኗን ከፍቶ አዳመጣትና፣ «ኦቦ ኩምሳ፣ ይቺ ቁልቁለት እንጂ ዳገት አትወድም፤ ይቅርብዎ» አለኝ። «ቅዳሜን ከሲንቄ ጋር ካዋለችኝ ይበቃኛል» አልሁት። አዘነልኝ መሰለኝ፣ ለሙከራ ስትፈቀድልን አብሮኝ መጣ።

፫ኛ/ ከጉደር ወዲያ ዳገቱን ስንጀምር መኪናዋ አሳለች፣ ውኃዋ ፈላ፣ ጌዶ ሳንደርስ ቆመች። ኮፈኑ ሥር አጎንብሰን ሳለ አንድ አውቶቡስ ቁልቁል ወደ አምቦ አልፎን ሄደ፤ ቀና ብዬ አላየሁትም። ፈዲሉ እንመለስ ቢለኝም፣ እህል የጫነ መኪና ወደ ምዕራብ ሲመጣ እጄን ዘርግቼ ተሳፈርሁ። ለሲንቄ የገዛሁት ሻሽ በኪሴ ስለነበር፣ ጆንያው ላይ ተቀምጬ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር።

እጃጂ ስደርስ ሽማግሌው የቅርንጫፉ ዘበኛ ዓብዲሳ አቅፎ ሳመኝና፣ «ሲንቄ እኮ ዛሬ ጠዋት ተዛውራ ሄደች። አልነገሩህም?» አለኝ። ለካ ልመናችንን ሰምተው ኖሯል! በአስቸኳይ ትእዛዝ አዛውረዋታል፤ ወደ አምቦ ሳይሆን፣ አምቦን አልፎ ወደሚገኘው እንጭኒ።

በማግስቱ ስመለስ ጎረቤቴ ቀድሪያ እንደነገረችኝ፣ ሲንቄ ከአውቶቡስ ወርዳ ደጄ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቀኝ ቆይታለች። በአስቸኳይ ሪፖርት እንድታደርግ ስለታዘዘች ግን ሌላ አውቶቡስ ይዛ ሄደች። ቀድሪያ ወደ ቤቷ እንድትገባ ብትለምናት፣ «ኩምሳ ሲመጣ እዚሁ ያግኘኝ» ብላ እንቢ አለች።

ስለዚህ መኪናዋን አልገዛም። ፈዲሉ ቁልቁለቱን አንከባሎ መልሷታል፤ ከግቢዎ ቆማለች።

ስለ ደግነትዎ ደግሜ ደጋግሜ እጅ እየነሣሁ፣ ከወንበርዎ ሳይነቃነቁ ሰውን ሁሉ የሚያነቃንቁበት ሥልጣንዎ እንዲሰነብት የምመኝ፣

ታዛዥዎ ኩምሳ

ማሳሰቢያ፦ ምናልባት ለእኔም ርኅራኄዎ ተነሣሥቶ ሊያዛውሩኝ ካሰቡ፣ እባክዎ ወደ እጃጂ እንዳይሆን። እዚያ ከእንግዲህ የምሄድለት ሰው የለኝም።