የሚሸጥ ሰገነት፣ ቀርከሃውን አይጨምርም

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18፣ ጠዋት

ዛሬም ከጣሪያው ቀርከሃ ዱቄት ረግፏል። ወንበሮቹን ጠረግኩ። መስኮቶቹን ሁለት ጊዜ ወለወልኩ። ደላላው ቤት የሚያይ ሰው ይዞ ይመጣል። ባለቤቴ ትርሲት እግሯን ትራስ ላይ አድርጋ ታየኛለች። ሙሽራ የምትቀበል ትመስላለህ አለችኝ።

ደብተሬ፣ ሁሌ ጠረጴዛ ላይ በደረትሽ ተኝተሽ ቤቱን አይተሽው አታውቂም። ልንገርሽ። ሴቻ፣ አሮጌው ሰፈር፣ ከድሮ ሹማምንት የድንጋይ ቤቶች መሐል። ሦስተኛ ፎቅ፤ ከላያችን ቆርቆሮና ሰማይ። ደላላው ታምራት ፔንትሃውስ ይለዋል። እኔ ሰገነት። በረንዳው ላይ ስቆም በግራ አባያ፣ ቀላ ያለ ቡኒ። በቀኝ ጫሞ፣ ሰማያዊ። መሐላቸው ጫካ የለበሰው የእግዜር ድልድይ። ሳሎኑ ግን ከሐይቆቹም ይበልጣል። ኮርኒስ የለውም። አባዬ ዶርዜ ተራራ ላይ ቤት ሲሠራ ያረጀ ሰው ነው። የተጋባን ጊዜ ወርዶ ከቆርቆሮው ሥር የቀርከሃ ጉልላት ሸመነልን። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሽመና። ምስማር የለውም። ቀና ባልኩ ቁጥር ደረቴ ይሰፋል። ዛሬም።

የምንሸጠው በት.፣ በትርሲት፣ የጉልበት ሕመም ነው። ሊፍት የለም። ከመስቀል ወዲህ አንዴ ወረደች፣ ወደ ሐኪም። በወንበር ተሸክመው መለሷት። አለቀሰች። ከሕመሙ አይመስለኝም።

ለአባዬ አልነገርኩም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21፣ ሊመሽ ሲል

ሌሎች መጡ፣ አዲስ ተጋቢዎች። ሰላም ካልኳቸው ጀምሮ ስለ ሽመናው አወራሁ። ቀርከሃው የት እንደበቀለ፣ እንዴት እንደተሰነጠቀ፣ አባዬ መሰላሉ ላይ ሆኖ ምን እያንጎራጎረ እንደሠራው። ልጅቷ ኩሽናውን ልታይ ፈልጋ ነበር። ኩሽናውን ሳታይ ሄደች።

ታምራት ደረጃው ላይ ያዘኝ። «ጋሼ፣ ቤት ነው የምንሸጠው ሙዚየም? ትኬት ላስቆርጥልዎት?»

ሳቅኩ። ወደ ቤት ስገባ ሳቁ አብሮኝ አልገባም። ት. ሁሉን ሰምታለች። እየሸጥክ ነው ወይስ እየከለከልክ አለችኝ። ፊቷን ወደ በረንዳው መለሰች።

«ሁለት ሐይቅ አያለሁ ማቲ። ሰው ግን አላይም።»

ሠላሳ ዓመት ያስተማረች ሴት። መንገድ ላይ በየደረሰችበት ቲቸር፣ ቲቸር የሚሏት። ይህን እጽፋለሁ፤ ስጽፈው ያሳፍረኛል። በቤቴ ስኮራ እሷ ቤቱ ውስጥ ታስራለች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ገዢ ተገኘ። ወ/ሮ ሰናይት፣ የአዲስ አበባ ነጋዴ፣ ለማረፊያ የምትፈልግ። ደረጃውን ሳታርፍ ወጣች። በረንዳው ላይ ቆማ ረጅም ጊዜ አየች። በሐይቆቹ እኔ የሠራኋቸው ያህል ኮራሁ።

ከዚያ ወደ ሳሎን ገባች። ቀና አለች። ቆርቆሮው ያፈሳል ወይ ብላ ጠየቀች። አንዳንዴ አልኳት። እንግዲያ ቆርቆሮውም ይቀየራል፣ ይሄ የቀርከሃ ነገርም ይነሳል፣ ጂፕሰም ይገባል አለች። በክፋት አላለችውም። መጋረጃ እንደምትቀይር ሰው ነው ያለችው።

ላስብበት አልኳት። ት. አየችኝ።

አሁን ከጉልላቱ ሥር ተቀምጬ እጽፋለሁ። በመዶሻ ሲፈርስ ይታየኛል። አባዬ ደግሞ በር ላይ ቆሞ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29፣ ከሰዓት

አባዬ መጣ! ሳይደውል፣ ብርዱን ጋቢው ላይ ይዞ። ቡላ አምጥቷል። ሰማንያ ያለፈው ሰው ደረጃውን እንደ ፍየል ወጣ፤ ልቀበለው የወረድኩት እኔ ከኋላው አለከልካለሁ። ሲገባ መጀመሪያ ያየው እኛን አይደለም። ጉልላቱን። ከዚያ ት.ን፦ «ልጄ፣ ጉልበትህ እንዴት ነው?» አፍ የፈታው በጋሞኛ ነውና እንደ ወንድ ነው የሚጠራት፣ ከድሮም። አርማው አርማው ተወችው። አሁን ሌላ ሰው በትክክል ሲጠራት ቅር ይላታል።

ከዚያ ወደ እኔ። ቤት እየሸጥክ ነው አሉኝ አለ። ተራራው ላይ ያልሰማ የለም። የታምራት እናት የእኛ አገር ሰው ናት፣ ማን ይደብቃል። እግሬን አየሁ። የልጅነት ፊቴ መጣብኝ። ሊቆጣ ነው ብዬ ስጠብቅ ስለ ገዢዋ ጠየቀኝ። ቀርከሃውን ልታነሳ እንደምትፈልግ በሹክሹክታ ነገርኩት።

«ጥሩ። ይነሳ እንጂ፣ የእሷ አይደለም!» አለና ገረመው። «ሰው ቦታ ሲለቅ ቤቱን ጥሎ ይሄዳል እንዴ?»

ደብተሬ፣ ይህን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ አላሰብኩትም። ዶርዜ ውስጥ ቤት ይነሳል። ሰፈርተኛው ከሥሩ ይገባል፣ አጣና ያስገባል፣ ቤቱን እንደቆመ ተሸክሞ ወደ አዲሱ ቦታ ይወስደዋል። አጎቴ ከወንድሙ ተጣልቶ ቤቱን ከወንዝ ማዶ አሻግሯል። ታርቆ መልሷል።

ግን ይሄ ቤት ውስጥ ያለ ቤት ነው። በበሩ አይወጣም አልኩት። አባዬ በሩን አየ። ጉልላቱን አየ። እንደገና በሩን። ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ስሸምነው ስለ መውጫው አላሰብኩም፣ ሙሽሮች ትወጣላችሁ ብዬ መች ጠረጠርኩ አለ!

መላውን ያመጣችው ት. ናት።

«ቆርቆሮው ይቀየራል አላለችም? ይነሳ። በላይ አውጡት።»

ዞር ብዬ አየኋት። ለጉልላቱ ግድ የላትም ብዬ ነበር የማስበው። ከሥሩ ነው ያረጀሁት፣ ጥዬው አልወርድም አለች። አባዬ ጭንቅላቷን ሳማት። ጎበዝ ነህ አላት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ውሉ ተፈረመ። ወ/ሮ ሰናይት ጉልላቱን በላይ እናወጣዋለን ስንላት ሳቀች። እንዲያውም ትገላግሉኛላችሁ አለች። ትንሽ ጎዳኝ። ማድነቅ ግን የውሉ አካል አይደለም።

የምንገባበት አዲስ ቤት ከዚሁ ጀርባ ነው፣ ሦስት ግቢ አልፎ። ምድር ቤት። የማንጎ ዛፍ አለው። ሐይቅ አይታይም። በሩ መንገድ ላይ ይከፈታል፤ ት. በሩን በፎቶ አይታ ስንት ሰው እንደሚያልፍበት ጠየቀችኝ። ጉልላቱ ማንጎው አጠገብ ይቆማል፣ በድንጋይ መሠረት ላይ፣ ምስጥ ቶሎ እንዳይበላው። መብላቱ አይቀርም ይላል አባዬ፤ በየዓመቱ ከሥሩ እያጠረ ይሄዳል፤ እኔስ እያጠርኩ አይደል?

ችግሩ ተሸካሚ። የቀን ሠራተኛ ልቅጠር አልኩ። አባዬ ቡላውን አስቀመጠ። ቤት በጎረቤት ነው የሚነሳው አለኝ፤ ጎረቤት ከሌለህ ለምን ትነሳለህ፣ እዚሁ ቅር።

እዚህ ሰፈር ስንት ዘመን ኖርኩ። ከላይ ሆኜ ግን።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

በር አንኳኳሁ። የእንዲህ ዓይነት ልመና ልምድ የለኝም፤ ሁለት ጊዜ የታክስ ሰብሳቢ መሰልኳቸው። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩት ጋሽ አየለ፣ ጡረተኛ ዳኛ፣ የጎጃም ሰው፣ መነጽራቸውን አወለቁ። «ቤት ልሸከም? እኔ በዚህ ሰፈር የተሸከምኩት ሬሳ ብቻ ነው!» ሚስታቸው ከውስጥ ሆነው፦ እንግዲያ አንድ ቀን እንኳ ደስ የሚል ነገር ተሸከም።

እመጣለሁ አላሉም። አልመጣም አላሉም። የመካነ ኢየሱስ መዘምራን እናያለን አሉ። ዓሣ አስጋሪው ሞገስ ከጫሞ ገመድ አመጣለሁ አለ፣ የሚመጣም አይመስልም። ለት. ሁሉም እሺ ብለዋል አልኳት። ዋሸሁ። አወቀችብኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6፣ ረፋድ

ማለዳ በረንዳው ላይ ቆምኩ። ሐይቆቹን ለማየት ነበር፤ ያየሁት ግን መንገዱን ነው። ባዶ። አባዬ ቆርቆሮውን ከአንድ አናጢ ጋር ማንሳት ጀምሯል። ሳሎናችን ውስጥ ሰማይ ገባ። ት. አንገቷን ቀና አድርጋ ፀሐይ በፊቷ ትሞቃለች።

ከዚያ ገመድ ሲጎተት ሰማሁ። ሞገስ፣ ጓደኞቹን ይዞ። መዘምራኑ። የት. የድሮ ተማሪዎች፣ አሁን ጢማቸው የሸበተ። ታምራት ክራቫት አስሮ! ጋሽ አየለ በቱታ፣ ሰው እንዳያያቸው እየተገላመጡ።

ቆሜ ነው የምጽፈው። ግቢ ውስጥ ነኝ። ረጃጅም አጣናዎች ከጣሪያው ጫፍ እስከ መሬት ግድግዳው ላይ ተጋደሙ፣ ጉልላቱ በተከፈተው ጣሪያ ወጥቶ በገመድ ተይዞ በእነሱ ላይ ተንሸራተተ። ቀስ። ቀስ። አባዬ ከታች ሆኖ በጋሞኛ ይጮሃል፤ ጎጃሜውም ወላይታውም ያለ አስተርጓሚ ይታዘዛል። አንዴ ዘንበል አለ። ቀርከሃው ሲጥ አለ፣ አልተሰነጠቀም። መሬት ነካ። ከውጭ አይቼው አላውቅም ነበር። እንዴት ያምራል። ሰዉ አጨበጨበ፤ አባዬ ደረቱን ነፍቶ ሌላ ሰው የሠራው ይመስል በዙሪያው ዞረ።

ት. ወረደች። በወንበር አይሆንም አለች። ደረጃው ላይ እየተቀመጠች፣ እያረፈች፣ በራሷ። ታች ስትደርስ ሃያ ሰው ቲቸር አላት። ሁሉንም በስማቸው ጠራች።

አሁን ጉልላቱ ውስጥ ናት፣ ከዘራዋን ይዛ። ከውስጥ ሆና አብራ ልትሄድ ነው። ወንዶቹ አጣናውን አስገብተው ዙሪያውን ቆመዋል። ጋሽ አየለ መነጽራቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ሽቅብ አላየሁም፤ ሰገነቱ እዚያው አለ፣ ክዳኑ ተነስቶ።

አባዬ ቦታዬን አሳየኝ። ከኋላ፣ በግራ። ደብተሩን ጣል ይለኛል። ት. ከሽመናው ክፍተት እያየችኝ ና እንጂ ማቲ ትላለች፣ ሰው እየጠበቀህ

በቃ። ሁለት እጄን ይፈልጉታል