ለስፌት የሚተው ትርፍ

መቲያብሩዝ፣ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፤

የአላህ ሰላም ካንቺ ጋር ይሁን። ጤናሽ እንዴት ነው? የባንጋሎር ብርድ አሁንም ያስልሻል? ተማሪዎችሽስ ይፈሩሻል ወይስ እንደ እኔ ይስቁብሻል? እኔ ከአንዱ ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ቢሆን የሚያመኝ ደረጃ ሳይ ብቻ ነው።

ዛሬ የምጽፍልሽ ለክስ ነው። “አጎቴ ማሙ አርጅቷል፣ ዓይኑ ደክሟል” ብለሽ በላክሽልኝ መነጽር ላይ ብርቱ አቤቱታ አለኝ። ክፈፉ የሴት አስተማሪ መነጽር ስለሚመስል ሠፈሩ ሁሉ “ከእህትህ ልጅ ሰርቀህ ነው?” ይለኛል። እሱን እችለዋለሁ። ያልቻልኩት ከመጠን በላይ ማሳየቱን ነው። ከአሮጌው መነጽሬ ጋር በሰላም ነበር የምኖረው። ሻይ የሚሸጥልኝ ሙንታዚር ጢሙን እንደሚቀባ አላውቅም ነበር፤ አሁን ሥሩ ነጭ ሆኖ ይታየኛል። ግድግዳዬ ላይ የሚወርደው ስንጥቅ የቀለም ጌጥ ይመስለኝ ነበር። ያንቺ መነጽር በሦስት ቀን ቤቴን አስረጀብኝ። ስለዚህ ይቀየርልኝ፤ በፖስታ ግን አይሆንም። ምክንያቱን ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ።

ሥራዬን ነግሬሽ ነበር፤ ግን እየሳቅሽ ስለሰማሽኝ እንደገና ልንገርሽ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ልብስ ሰፍቼ ዓይኔና ገበያው አብረው ሲደክሙ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለው የኮምፒዩተር ቤት “እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው እንፈልጋለን” የሚል ወረቀት ለጠፈ። ሄድኩ፤ የቀረውን ደግሞ ሰው ጠይቄ፣ ነካክቼ፣ አበላሽቼ ተማርኩት። ሆስፒታሎች ያነሷቸው የሰው ሆድ ዕቃ ሥዕሎች ይመጡልናል። ስምም ዕድሜም የላቸውም፤ ቁጥር ብቻ። አንዱ ሰው እንደ ዳቦ በስሱ ተቆራርጦ ሦስት መቶ፣ አራት መቶ ሥዕል ይሆናል። እኛ በእያንዳንዱ ላይ የጉበቱን ዳር፣ የኩላሊቱን ዳር፣ የቆሽቱን ዳር በማውስ እንከባለን። በሽታ ካለበትም በሽታውን እንከባለን። ማሽኑ የብዙ ሺህ ሰው ገላ አይቶ የሰውን ልጅ ካርታ ይማራል፤ ነገ ሐኪም የሳተውን እሱ ያሳያል ይላሉ። ለእኔ በገባኝ መንገድ ግን ጨርቅ የሚቆረጥበት የወረቀት ቅድ ነው፤ አባታችን ምስማር ላይ ይሰቅለው እንደነበረው፣ የሁሉንም ሰው ልክ የያዘ ቅድ።

በመጀመሪያው ሳምንት የተዋረድኩትን ግን ደብቄሽ ነበር። ሥራችንን የምታርመው ሱቻሪታ የምትባል ያንቺ እኩያ ልጅ ናት። ከኋላዬ መጥታ ቆመችና፣ እንደ አጎት ቆጥራኝ፣ “ቻቻ፣ እርስዎ የሚከቡት ሰው ሁሉ ጉበቱ ያበጠ ነው። ከተማው ሁሉ ታሟል እንዴ?” አለችኝ። አየሁት። ለካ እጄ በልማዱ ከመስመሩ ውጭ አንድ ጣት እየተወ ኖሯል! “ለስፌት ነዋ! ዳሩ ላይ ከቆረጥሽው በምን ይሰፋል?” አልኳት። ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ሆነ። እስከ ዛሬ ድረስ አንዱ ጉበት ሰፋ ባለ ቁጥር “የቻቻ ትርፍ አለበት” ይባባላሉ።

አሁን ደግሞ የድሮ ወሬ ላውራሽ። ሥራ ስገባ ያየሁትን ሥዕል ለማንም እንዳልናገር ወረቀት ፈርሜያለሁ፤ ፊርማዬን አከብራለሁ። የድሮ ወሬ እንዳላወራ ግን የፈረምኩት ነገር የለም።

እኔ የዘጠኝ፣ እናትሽ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ሳለን፣ በነፋስ ለሚበረው የወረቀት ካይቴ ክር ብለምናት ከለከለችኝ። ተናደድኩና የስፌት መኪና መርፌ ወስጄ፣ ስትሰፋ የምትቀመጥበት ትራስ ውስጥ ጫፉን ወደ ላይ አድርጌ ተከልኩት። ትንሽ ትዘላለች፣ እስቃለሁ ብዬ ነው። ተቀመጠች። አልዘለለችም። ከንፈሯን ነክሳ በዝግታ ተነሣች። ግማሹ መርፌ ትራሱ ላይ፣ ግማሹ እሷ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ሐኪሙ ሞክሮ ሞክሮ ከአጥንቷ ሥር ስለገባበት “ተዉት፣ አብሯት ይኖራል” አለ። አባታችን መለኪያ እንጨቱን አንሥቶ “ማነው ይህን ያደረገው?” ሲል “እኔው ነኝ፣ ሰክቼ ረስቼው ነው” አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናትሽ የሚያማትን ለሰው ተናግራ አታውቅም። እኔም ማን እንዳደረገው ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።

ባለፈው ሰኞ፣ መነጽርሽን ባደረግሁ በሦስተኛው ቀን፣ አንድ አዲስ ቁጥር ከፈትኩ። የሴት ገላ ነው። ብረት በእነዚህ ሥዕሎች ላይ ጉም ውስጥ እንዳለ ፋኖስ ጨረሩን ይረጫል። እንዲህ ያለ ብረት ከግራ ዳሌ አጥንቷ ሥር ነበር፤ የግማሽ መርፌ ርዝመት ያለው፣ አጥንት እንደነካ ነገር ጫፉ ጎበጥ ያለ። በአሮጌው መነጽር ቢሆን የሥዕሉ ጉድፍ ነው ብዬ አልፈው ነበር። የማን እንደሆነ አልነግርሽም። ለእንዲህ ያለው ነገር የምንሰጠው ስም “ባዕድ አካል” የሚል ነው። ያን ስም ለመጫን ጣቴ ብዙ ቆየ።

ከዚያ ሥዕሎቹን ወደ ላይ ገለጥኩ። ቆሽቷ ላይ አንድ እብጠት አለ። ጉበቷ ላይ አራት። ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ስከባቸው ኖሬያለሁ። ምን እንደሆኑ አውቃለሁ፣ ወደ ጉበት ሲሻገሩ ምን ማለት እንደሆነም አውቃለሁ።

ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ? አሳነስኳቸው። አንድ በአንድ ከመስመሩ ወደ ውስጥ ገብቼ ከበብኳቸው፤ ሎሚ የሚያህለውን ሽምብራ አደረግሁት። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል የዳነች መስሎኝ ደስ አለኝ።

ረቡዕ ሱቻሪታ ሥራውን እንዳርመው መለሰችልኝ። “ቻቻ፣ ድሮ ትርፍ ይተዉ ነበር፣ ዛሬ ደግሞ ወደ ውስጥ ቆረጡ። ጨርቅ አለቀብዎት?” አለች እየሳቀች። እኔ ሳልስቅ ስታየኝ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ “ማሽኑ እኮ የሚያውቀው እርስዎ ያሳዩትን ብቻ ነው፤ ይህን ትንሽ ነው ካሉት ነገ የሌላዋን ሴት አይቶ ‘ትንሽ ነው፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ’ ይላታል” አለችኝ። ስለዚያች ስለ ሌላዋ ሴት አሰብኩ። እሷም የሚያሾፍባት ወንድም ይኖራት ይሆናል።

እንደገና ከበብኩት። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያለ ምንም ትርፍ፣ ልክ በመስመሩ ላይ። ሱቻሪታ “ከሠሩት ሁሉ የጠራው ይሄ ነው” ብላ አጸደቀችው።

ትናንት ሐሙስ ነበርና እንደ ልማዴ እናትሽ ዘንድ ሄድኩ። ብሪያኒ ሠርታለች፤ ያው ሩዝ፣ ሥጋና አንድ አንድ ድንች። በብሪያኒ ድንች ሃምሳ ዓመት እንደተጣላን ታውቂያለሽ፤ በሠርጓ ቀን እንኳ የእኔን ነጥቃ በልታለች። ትናንት ግን የራሷን ድንች አንሥታ ሳህኔ ላይ አኖረችልኝ። ምነው ብላት “ሰለቸኝ። ብላና ዝም በል” አለችኝ። አምባሮቿ እጇን ስታነሣ እስከ ክርኗ ይሮጣሉ። “ከስተሻል ልበል?” ስላት “አንተ ነህ ያረጀኸው፤ መነጽርህን ጥረግ” ብላ ሳቀች። ሐኪም ቤት ሄደሽ ነበር ወይ ብዬ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ፤ ፊቷን አይቼ ዘጋሁት። ያኔ ከትራሱ ላይ ስትነሣ የነበራት ፊት ነው። ስወጣ ደግሞ በር ድረስ ሸኝታኝ “ልጅቷን እንዳትረብሻት፤ ለዒድ ትመጣለች፣ የሥራ ፈቃዷን አታስጨርሳት” አለችኝ። ላንቺም በስልክ ይህንኑ እንዳለችሽ አውቃለሁ። ዒድ ገና ሦስት ወር ይቀረዋል።

ስለዚህ የመነጽሬ ጉዳይ አስቸኳይ ነው። ራስሽ መጥተሽ ካላየሽው አይስተካከልም። በዚህ ሳምንት ባቡር ተሳፈሪ። እናትሽ “ለምን መጣሽ?” ካለችሽ “ማሙ በመነጽሩ ነዘነዘኝ” በያት፤ ታምንሻለች፣ ነዝናዛ መሆኔን የማያውቅ የለም። ዒድን አትጠብቂ። ደግሞም

ቆይ፣ በር ተንኳኳ። ዓርብ ከሰዓት ማንም አይመጣብኝም ነበር።

እናትሽ ናት። ሦስት ፎቅ ወጥታ! የዚህን ቤት ደረጃ ከረገጠች ስድስት ዓመት ይሆናታል። በየፎቁ እየተቀመጠች እንደመጣች ትንፋሿ ይናገራል። ውኃ ሰጠኋት። ለማን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ፤ “ለመነጽር ሻጩ፣ አቤቱታ ነው” ብላት “ምስኪን ሰውዬ” አለች። አሁን አልጋዬ ላይ ጋደም ብላለች፤ ሳትነሣ ልጨርስ። አረንጓዴውን የሐር ልብሷን ጠቅልላ አምጥታለች፣ ባንቺ ምርቃት ቀን የለበሰችውን። ሰፍቶኛል፣ በየጎኑ ሁለት ሁለት ጣት አጥብብልኝ አለችኝ። መቀስ ሳነሣ እጄን ያዘችኝ። “አትቁረጠው። ትርፉን ውስጥ ተወው። ልጅቷ ስትለብሰው ይጠብባታል፤ ትከሻዋ ከእኔ ይሰፋል” አለች።

አላህ መንገድሽን ያሳጥርልሽ። በደህና አድርሶ ለእቅፏ ያብቃሽ።

ነዝናዛው አጎትሽ፣
ማሙ