የትልቅ ሰው ስም

ሰኞ፣ ነሐሴ 19፤ አዲስ አበባ፣ ዓለም ባንክ ሰፈር

የተማሪ ሰርቪስ አያስፈልግም አልኳት ልጄን። የልጅ ልጄን ማርታን አፀደ ሕፃናት በእግሬ ወስጄ በእግሬ መልሻለሁ፤ አንድም ቀን አርፍዳ አታውቅም። ወንድሟ ናሆምም መስከረም ላይ ሲጀምር አደርሰዋለሁ።

ልጄ ሰብለ ሻንጣ ላይ ተቀምጣ ልትዘጋው እየታገለች፣ «እማዬ፣ አሁን ሰባ ሦስት ዓመትሽ ነው። አስፋልቱም የድሮው አይደለም። እስቲ ከዱባይ ስንመለስ እንወስናለን» አለች።

ገብቶኛል። እዚያ ልታየኝ ነው። ለሱቋ ዕቃ ትገዛለች፣ ልጆቹን ቃል ወደ ገባችላቸው መጫወቻ ቦታ ትወስዳለች፣ እኔን ደግሞ ትፈትናለች። ባሏ ተካ ሱቁን ይዞ ይቀራል።

ከሰዓት በኋላ ናሆም በረንዳ ላይ «አስካለ! አስካለ!» እያለ ይጣራል። ጎረቤቴ ስትጠራኝ ሰምቶ ነው። አምስት ዓመት የሞላው ልጅ! አስቀመጥኩትና የትልቅ ሰው ስም አይጠራም፣ እቴቴ ነው የሚባለው አልኩት።

«ሌላ ሰው ጥራ ቢለኝስ?»

«ቢልህም።»

ሦስት ጊዜ አስደገምኩት።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 20፤ ዱባይ

ደረስን። ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ስንወጣ ሙቀቱ ፊቴን ገረፈኝ። ቤርጎው ጥሩ ነው። ባኞው ውስጥ ፀጉር አገኘሁና ገንዳውን አጠብኩት። ማርታ፣ «እቴቴ፣ ሠራተኛ እኮ አለ» አለችኝ። ቢኖርስ? ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ገና ትማራለች።

ለነገ፦ ውሃ፣ የናሆም ቅያሪ ሱሪ፣ የእኔ የሚመች ጫማ፣ ፓስፖርቴ። ፓስፖርቴን ለማንም አልሰጥም።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 21

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

መጫወቻው ጣሪያ የለበሰ ከተማ ነው። ሰው በፈቃዱ ተሰልፎ ይገባና በባቡር ተዘቅዝቆ ይጮኻል። እኔ በሚዞሩት የእንጨት ፈረሶች ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት ጊዜ። ደስ ይላል።

ስድስት ሰዓት ገደማ ማርታ ትልቁን ባቡር ካልተሳፈርኩ አለች። የናሆም ቁመት አልደረሰም። ሰብለ አየችኝ። «ሰልፉ ረጅም ነው፤ ትችያለሽ?» «እዚሁ ወንበር ላይ ታገኚናለሽ» አልኳት። ቦርሳዋንና ስልኳን የዕቃ ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ከማርታ ጋር ሄደች።

ከዚያ መንገዱ መሐል የአይስክሬም ወረቀት አየሁ። አላልፍም፤ አልፌም አላውቅ። የናሆምን እጅ ለቅቄ አነሣሁት፤ አሥር እርምጃ ሄጄ ጣልኩት። ስዞር ናሆም የለም።

ሰው ፊት ጮኼ አላውቅም። ጮህኩ። አንድ ጥበቃ መጥቶ የጠፉ ልጆች ወደሚቆዩበት ክፍል ወሰደኝ። እዚያ ቀይ ወንበር ላይ ተቀምጦ ብስኩት ይበላል! የድብ ልብስ የለበሰ ሰው ተከትሎ ነው የሄደው። ላቅፈው ስል ሠራተኛዋ እጇን ዘርግታ አገደችኝ።

እንግሊዝኛዬ የአዳሪ ትምህርት ቤት ነው፤ እስከዛሬ አልከዳኝም። ፓስፖርቴን ሰጠኋት። የእኔ አስካለ ወልዴ ይላል። ስንገባ የልጁ እጅ ላይ የታሰረው ወረቀት ናሆም ተካ ይላል፣ ከእናቱ ስልክ ቁጥር ጋር። የእናቱን ስም ጠየቀችኝ፤ ሰብለ አበራ። «አንድ ቤተሰብ ሆናችሁ ሦስት የቤተሰብ ስም?» አለች። እኛ ዘንድ ሁሉም የገዛ አባቱን ስም ይይዛል፣ ሴትም አግብታ አትለውጥም ብዬ አስረዳኋት። በትሕትና ሰማችኝ፤ አላመነችኝም። እኔም በሷ ቦታ ብሆን አልሰጥም ነበር። ሰብለ ጋ ደጋግማ ደወለች። ስልኩ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ማን ያንሣው?

ዞራ ናሆምን ጠየቀችው። ከካርቱን የለቃቀማት እንግሊዝኛ አለችው።

«ይህች ማናት?»

«እቴቴ።»

«ስሟ ማን ነው?»

አፉን ግጥም አደረገ። ደግማ ጠየቀችው። እኔን አየ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ። «አይጠራም» አለ በአማርኛ። ሠራተኛዋ ስሟን አያውቅም ብላ ለአለቃዋ መደወል ጀመረች።

«ናሆሜ፣ ዛሬ ፈቅጃለሁ። ጥራኝ።»

«አይቆጡኝም?»

«አልቆጣም።»

ከወንበሩ ወርዶ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እጆቹን ወደ ኋላ አደረገ። «ወይዘሮ አስካለ ወልዴ።» ወልዴን አውሮፕላን ማረፊያ ሲጠሩኝ ሰምቶ ይሆናል። «ወይዘሮ»ዋን ግን ከራሱ ጨመራት። ሠራተኛዋ ፓስፖርቴን ዳግም አየች፣ ሳቀች፣ አስፈረመችኝ።

ሰብለና ማርታ ሲመጡ ወንበራችን ላይ ነበርን። «እንዴት ነበራችሁ?» አለች። «ደህና» አልኳት። ናሆም ቀና ብሎ አየኝ።

ልጁን መዋሸት አስተማርኩት።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 22

ቁርስ ላይ ነገርኳት። ጠፍቶብኝ ነበር፤ ለወረቀት ብዬ እጁን ለቅቄ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

«ለወረቀት?»

«ለወረቀት።»

ሹካዋን አስቀመጠች። ሁለቱንም ልጆች ይዛ ገበያ ሄደች። እኔን ጥላኝ። የልጆቹን ካልሲ አጠፍኩ፣ ፈትቼ ደግሜ አጠፍኩ። ሰርቪሱ ቁርጥ ሆኗል።

አሥር ሰዓት ላይ ተመለሱ። ልጆቹ ባኞ ሲገቡ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እማዬ፣ ትናንት ስልኬ ላይ የማላውቀው ቁጥር አምስት ጊዜ ደውሎ አገኘሁ። መልሼ ደወልኩ። ሁሉንም ነገሩኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ትነግሪኝ እንደሆነ ልይ ብዬ። እኔ ልጅ ሆኜ ብርጭቆ ስሰብር እንዲህ አልነበር የምታደርጊኝ?»

እውነቷን ነው። እንዲያ ነበር የማደርጋት። ሁለታችንም ሳቅን፤ የእኔው ሳቅ እንባም ነበረበት።

ስለ ሰርቪሱ አልጠየቅኳትም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 24፤ ዓለም ባንክ

ትናንት ገባን። ዛሬ ጠዋት ሰብለ፣ «እስቲ ናሆምን እስከ ትምህርት ቤቱ በር አድርሰሽ መልሺው፣ እንየው» አለች። «ወረቀት ካየሽ ደግሞ ሁለታችሁም አብራችሁ ጎንበስ በሉ። እጁን አትለቂም።»

አራት ወረቀትና አንድ የውሃ ፕላስቲክ አነሣን። ጎንበስ ስል ጎንበስ ይላል፤ አንድ የታክሲ ረዳት ከሚኒባሱ በር ላይ ሆኖ ሳቀብን።

«እቴቴ፣ ፈቃዱ አልቋል?»

«የምን ፈቃድ?»

«ስምዎን የመጥራት።»

አሰብኩበት። «ከኔ እጅ ከጠፋህ ብቻ» አልኩት።

አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ቆመን ግራና ቀኝ አየን። የተያያዘው እጃችን በላብ ርሷል፤ የኔ ይሁን የሱ እንጃ። ተሻገርን። ዞር ስል ሰብለ ከማዶ፣ ፌርማታው ጥግ ቆማ ታያለች። ያላየኋት መስዬ መንገዴን ቀጠልኩ።