በሩን የሚያስቆልፈው ሳጥን

ልጄ፣

እህቴ ዘንድ ሄጃለሁ፤ ማታ እመለሳለሁ። ምግብሽን ምድጃው ላይ ከድኜ ትቼልሻለሁ፤ አሙቀሽ ብዪ።

ጠረጴዛውን ስወለውል እነዚያን ማይክሮ ምናምን የምትያቸውን ሁለት ቦርዶችሽን አልነካሁም፤ ሽቦውም እንደነበረ ነው።

ትናንት «ለምሠራልዎት የሚናገር ሳጥን የትኛው ቦርድ ይሻላል?» ስትዪኝ ዝም ያልኩሽ አኩርፌ አይደለም። ትንሽ አኩርፌም ይሆናል። ርካሿ ጣሳ ውስጥ እንደገባች ንብ ጥዝ ትላለች፤ ግን የምትለው ይሰማል። ውዷ ድምፅ ማጉያ ስላላት ጥርት አድርጋ ታወራለች። ለእኔ ጆሮ ርካሿ ትበቃለች፤ በከንቱ አትክሰሪ።

የከነከነኝ ሌላ ነው። ስትሞክሪያት ከጓዳ ሆኜ ሰማሁ። «እማማ፣ መድኃኒትዎን ይውሰዱ» አለች፤ እውነቷን ነው፣ እረሳለሁ። «ምድጃውን ያጥፉ» አለች፤ እሱንም እረሳለሁ። ቀጥላ «በሩን ይቆልፉ» አለች።

እዚህ ቤት ተከራይተሽ ከገባሽ ጀምሮ ማታ ማታ በሩን የምትቆልፊው አንቺ ነሽ። እኔ መቼ ቆልፌ አውቃለሁ? ታዲያ ይህን ለምን አስተማርሻት? ስልክ ሲደወልልሽም ወደ በረንዳ መውጣት አብዝተሻል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፣ ልጄ።

ተሳስቼ ከሆነ ስመጣ ሳቂብኝ። የምትሄጂ ከሆነ ግን በራስሽ አፍ ንገሪኝ፤ እንዲህ ያለው ነገር ለሳጥን አይተውም።

ቁልፌን ከዚህ ወረቀት አጠገብ ትቼዋለሁ። ረስቼው አይደለም።
ማታ ሳንኳኳ አንቺ ክፈቺልኝ።